የትምባሆ ዝውውር ሕግና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በኢትዮጵያ

የትምባሆ ዝውውር ሕግ ትምባሆ ከአምራች ወይም ከአስመጪ ተነሥቶ እስከ ገዢው እጅ የሚደርስበትን መንገድ የሚወስኑ ድንጋጌዎች የጋራ መጠሪያ ነው። ማን ማስገባት እንደሚችል፣ በፖስታ መላክ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ቀረጥና ኤክሳይዝ ታክስ የት እንደሚከፈል፣ ከስንት ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንደማይሸጥ የሚናገሩት እነዚህ ሕጎች ናቸው። አብዛኞቹ የተጻፉት ቅጠሉ ተቃጥሎ ለሚጨስ ሲጋራ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ (በተለምዶ ቬፕ) ግን ቅጠል የለውም፣ እሳትም የለውም። ስለዚህ ገበያ ላይ ሲወጣ በየአገሩ አንድ ጥያቄ አስነሣ፤ ይህ ዕቃ ትምባሆ ነው ወይስ አይደለም? መልሱ «ነው» ከሆነ የትምባሆ ሕግ ይይዘዋል፤ «አይደለም» ከሆነ እንደ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ተጭኖ ይሄዳል።

በኢትዮጵያ ጥያቄው መልስ ያገኘው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። አዋጁ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን እንደ ሲጋራ ፈቃድ አውጥቶ የሚነገድ ዕቃ አላደረገውም፤ ከሺሻና ጣዕም ከተጨመረበት ትምባሆ ጋር ወደ አገር እንዳይገባ፣ እንዳይከፋፈልና እንዳይሸጥ ከለከለ። በዚህ ምክንያት በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሕጋዊ ጭነት የሚባል ነገር የለም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጉዳይ ሕጉ የከለከለው ዕቃ በምን በር ሊገባ እንደሚችልና እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ከድንበር የራቀ ከተማ ማን ሊያየው እንደሚችል ነው።

የዕቃው ምንነት

የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ባትሪ፣ ማሞቂያ ሽቦና ፈሳሽ የሚይዝ ትንሽ ማጠራቀሚያ አለው። ተጠቃሚው ሲስበው ሽቦው ይግላል፤ ፈሳሹም ወደ ጉም መሰል ብናኝ ይለወጣል። ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ የጣዕም ቅመምና ኒኮቲን ይዟል። ኒኮቲኑ ከትምባሆ ቅጠል የተጣራ ሊሆን ይችላል፤ በቤተ ሙከራ የተሠራም አለ። ኒኮቲን የሌላቸው ፈሳሾችም ይሸጣሉ። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ ፋርማሲስት ነው። አብዛኛው የዓለም ምርት እስከ አሁን የሚወጣውም ከቻይናዋ ሼንዠን ከተማና ከአካባቢዋ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ዕቃ አለ፤ እርሱም ሳይቃጠል የሚሞቅ ትምባሆ ነው። መሣሪያው በባትሪ ቢሠራም ውስጡ የሚገባው እውነተኛ የትምባሆ ቅጠል ስለሆነ የስያሜ ችግር ያን ያህል የለበትም።

ለጭነት ሕግ ዋናው ነገር ዕቃው በክፍል በክፍሉ መሸጡ ነው። ባትሪው ለብቻ፣ ባዶው ማጠራቀሚያ ለብቻ፣ ፈሳሹ በጠርሙስ ለብቻ ይላካል። ባትሪውን ብቻ ያየ የጉምሩክ ሠራተኛ ከስልክ ቻርጀር የሚለይበት ምክንያት ላይኖረው ይችላል፤ ጠርሙሱን ብቻ ያየም ከኬክ ማጣፈጫ ላይለየው ይችላል።

«ትምባሆ» ሲባል ምን ማለት ነው

የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት የትምባሆ ውጤትን ሲተረጉም በሙሉ ወይም በከፊል ከትምባሆ ቅጠል ተሠርቶ ለማጨስ፣ ለመጥባት፣ ለማኘክ ወይም ለማሽተት የተዘጋጀ ዕቃ ይለዋል። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጸድቅ ሆን ሊክ ገና ሥራው ላይ ነበር፤ ስለዚህ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በትርጉሙ ውስጥ በስም አለመግባቱ አያስደንቅም። እ.ኤ.አ. በ2014 በሞስኮ የተሰበሰቡት የስምምነቱ አባል አገሮች ዕቃውን መከልከልን ወይም በሕግ መቆጣጠርን እንዲያስቡበት ተጋብዘዋል። ምርጫው ግን ለየአገሩ ተተወ።

ትርጉም ጭነትን እንዴት እንደሚያቆምና እንደሚለቅ በግልጽ የታየው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎችን ወደብ ላይ ማገድ ጀመረ። ምክንያቱ ኒኮቲን ለሰውነት የሚሰጥ መሣሪያ ስለሆነ ያልተፈቀደ መድኃኒት ነው የሚል ነበር። አስመጪዎቹ ከሰሱ። በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዕቃው ለሕክምና ነው ተብሎ እስካልተሸጠ ድረስ እንደ ትምባሆ ውጤት እንጂ እንደ መድኃኒት ሊያዝ አይገባም ሲል ወሰነ። በመድኃኒትነት ተይዞ የነበረው ዕቃ በዚያው በር ትምባሆ ሆኖ አለፈ። የሚያስገርመው ግን መሥሪያ ቤቱ ዕቃውን በትምባሆነት የሚቆጣጠርበትን ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በመካከሉ ባሉት ስድስት ዓመታት ገበያው እንደ ልቡ አደገ።

ትርጉሙን በቅጠል ላይ ማሰር ያለው ድክመት በኋላም ታይቷል። አንዳንድ አምራቾች «የእኛ ኒኮቲን ከቅጠል አልመጣም፣ በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው» በማለት ከሕጉ ወጡ። የአሜሪካ ምክር ቤት ቀዳዳውን የደፈነው በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ከማንኛውም ምንጭ የመጣ ኒኮቲን በሕጉ ሥር እንዲሆን በመወሰን ነው።

የአሜሪካ የፖስታ ክልከላ

የጭነት ሕግ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ንግድ በቀጥታ ሲመታ የሚያሳየው ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ፓክት» የሚባለው የአሜሪካ ሕግ ነው። በመጋቢት 2010 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ይህ ሕግ የታሰበው በኢንተርኔትና በስልክ ለሚሸጥ ሲጋራ ነበር። በአሜሪካ የሲጋራ ታክስ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል፤ ገዢዎች ታክሱ ዝቅ ካለበት ቦታ በፖስታ ያስመጡ ነበር። ሕጉ ሲጋራንና የማይጨስ ትምባሆን ከመንግሥት ፖስታ አስወጣ። በግል አጓጓዥ ለሚልኩት ሻጮችም መመዝገብን፣ ለየክፍለ ግዛቱ የታክስ ቢሮ በየወሩ ሪፖርት ማቅረብን፣ የገዢውን ዕድሜ ማረጋገጥን፣ ሲረከብም ለዐዋቂ ሰው ብቻ አስፈርሞ ማስረከብን ግዴታ አደረገ። አንድ ጥቅል ከ10 ፓውንድ፣ ማለትም ከ4.5 ኪሎ ግራም ገደማ፣ መብለጥ አይችልም።

የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በዚህ ሕግ ውስጥ አልነበረም። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ማሻሻያ ያደረገው ነገር በጣም ቀላል ነው፤ በሕጉ ውስጥ «ሲጋራ» የሚለው ቃል የኤሌክትሮኒክ ኒኮቲን መስጫ መሣሪያንም እንዲጨምር አደረገ። አንድ ትርጉም ሲለወጥ ከሥሩ ያሉት ግዴታዎች በሙሉ አብረው መጡ። አዲሱ ትርጉም ሰፊ ነው፤ ፈሳሽን ወደ ብናኝ ለውጦ ኒኮቲንን፣ ጣዕምን ወይም ሌላ ማንኛውንም ነገር ለሚስበው ሰው የሚያደርስ መሣሪያ ሁሉ ተካቷል። ፈሳሹ፣ መለዋወጫውና ተጓዳኝ ዕቃው ለብቻቸው ቢሸጡም አልቀሩም። ስለዚህ ኒኮቲን የሌለው ፈሳሽና ባዶ ማጠራቀሚያ ሳይቀር ተከለከሉ ማለት ነው። ከላይ የተጠቀሰው በክፍል በክፍል የመላክ ዘዴ በዚህ ተዘጋ።

የአሜሪካ ፖስታ የመጨረሻውን ደንብ ያወጣው በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ግን ፌዴክስና ዩፒኤስ በራሳቸው ውሳኔ በዚያው ዓመት የቬፕ ጭነት መቀበል አቁመው ነበር። ሕጉ የግል አጓጓዦችን ሙሉ በሙሉ አላገደም፤ እነርሱ ግን ጣጣው ከትርፉ እንደሚበልጥ አዩ። ትንንሽ ሻጮችን የጎዳው ከአንቀጹ ይልቅ ይህ የአጓጓዦች ማፈግፈግ ነው ማለት ይቻላል። ለንግድ ድርጅቶች እርስ በርስ፣ ለጥናትና ግለሰብ ለግለሰብ አልፎ አልፎ ለሚልካቸው ጥቂት ጥቅሎች የተተዉ ፈቃዶች አሉ። እነዚህ ፈቃዶች ግን ወደ ውጭ አገር ለሚላክ ፖስታ አይሠሩም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለኢትዮጵያውያን ትርጉም አለው። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ለወንድሙ ቬፕ በፖስታ ልላክ ቢል ጥቅሉ ሲነሣ የአሜሪካ ሕግ፣ ሲደርስ የኢትዮጵያ አዋጅ ይከለክለዋል።

ሌሎች አገሮች ሌላ መንገድ ይዘዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ የኒኮቲን ፈሳሹ ከ20 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፣ ጠርሙሱም ከ10 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ወስኖ ድንበር ተሻጋሪ የርቀት ሽያጭን ግን አባል አገሮች ከፈለጉ እንዲከለክሉ ፈቀደ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ማምረትን፣ ማስገባትን፣ ማጓጓዝን፣ ማከማቸትንና ማስተዋወቅን ጭምር ከለከለች። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽያጭን የከለከሉ አገሮች 34 ሲሆኑ፣ ምንም ዓይነት ሕግ የሌላቸው 74 ነበሩ። ኢትዮጵያ የምትመደበው ከከለከሉት ጋር ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ትምባሆን በመንግሥት ትእዛዝ መከልከል አዲስ ነገር አይደለም። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ማጨስንና ሱረት መሳብን በጽኑ ቅጣት መከልከላቸው ይነገራል፤ አጫሹ ከንፈሩን፣ ሱረተኛው አፍንጫውን ይቆረጥ ነበር የሚለው ትረካ በታሪክ ጸሐፊዎች ተደጋግሟል። ያኔ መንቆረር ትባል የነበረችው የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ መቀመጫቸው የነበረው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ጎጃምን የገዙት በዐፄ ዮሐንስ ሥር ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምባሆን አጥብቃ መንቀፏ ከሕግ ይልቅ በሰሜኑ ደጋ ሰው ልማድ ላይ የበለጠ ሳይሠራ አልቀረም። ቢሆንም ጋያና ሱረት በየቦታው ሳይጠፉ ቆይተዋል።

በ20ኛው መቶ ዘመን መንግሥት ከከልካይነት ወደ ነጋዴነት ዞረ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቋመ፤ ይህ ድርጅት በኋላ ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ተባለ። «ኒያላ» የተባለው ሲጋራ የታወቀ ምርቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓኑ ጃፓን ቶባኮ ኩባንያ የድርጅቱን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2017 ደግሞ ተጨማሪ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ገዛ። ሲጋራ የማምረትና የማስገባት ብቸኛ መብት በአንድ ድርጅት እጅ መቆየቱ ለቁጥጥር አንድ ጥቅም ነበረው፤ ከዚያ በር ውጭ የገባ ሲጋራ ሁሉ ኮንትሮባንድ ነው ማለት ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ግን መጀመሪያም በዚያ በር አልመጣም።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅቱን ማዕቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2004 ፈርማ ያጸደቀችው ከአሥር ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 822/2006 ነው። ከዚያ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ 1112 መጣ። ይህ አዋጅ በሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከለከለ፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን አገደ፤ የትምባሆ ማስታወቂያን ዘጋ፤ በፓኬት ፊትና ጀርባ 70 በመቶውን የሚሸፍን በሥዕል የተደገፈ ማስጠንቀቂያ አስገደደ። ብዙ ሰው አዋጁን የሚያስታውሰው የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን በማስወጣቱ ነው። ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚናገረው ክፍል ያን ያህል አልተወራለትም።

የክልከላው አጻጻፍ ከአሜሪካው የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የኢትዮጵያው ዕቃውን በስም ጠርቶ ስለከለከለ «ትምባሆ ነው ወይስ አይደለም» የሚለውን ክርክር ዘሎታል። ሁለተኛ፣ የአሜሪካው ንግዱን ፈቅዶ መንገዱን ሲያጠብብ የኢትዮጵያው ንግዱን ራሱን ዘጋ። ከዚህ የሚከተል አንድ ውጤት አለ። የአሜሪካው ሕግ ምዝገባ፣ ሪፖርትና የታክስ ሰነድ ስለሚያስከትል ባለሥልጣኑ ማን ምን እንደሚልክ የሚያይበት ወረቀት አለው። ሙሉ ክልከላ ግን ወረቀት አይፈጥርም። ለምሳሌ በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት ሲጋራ 30 በመቶና በፓኬት 8 ብር እንዲከፈልበት ተደርጎ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ሲጋራ በገቢ መዝገብ ላይ ይታያል። ቬፕ ግን በሕግ ስለሌለ ታክስም የለውም፣ በመዝገብም አይታይም። የሚታየው ሲያዝ ብቻ ነው።

አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ለትምባሆ ቁጥጥር አፈጻጸምም መመሪያ ቁጥር 771/2013 ወጥቷል። በመግቢያ በሮች ላይ ያለው ፍተሻ ግን የጉምሩክ ኮሚሽን ሥራ ነው። ስለዚህ ክልከላው የሚሠራው ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አንድን ዕቃ በአንድ ስም ሲያውቁት ነው።

የታሪፍ ቁጥር

ጉምሩክ ዕቃን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ዓለም አቀፉ የዕቃዎች ስያሜና ኮድ ሥርዓት እያንዳንዱን ሸቀጥ ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ይሰጠዋል፤ የኢትዮጵያ ታሪፍም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። እስከ 2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የራሱ ኮድ አልነበረውም። መሣሪያው «ሌሎች የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች» ከሚባሉት ጋር በ8543.70፣ ፈሳሹ ደግሞ «ሌሎች የኬሚካል ውሁዶች» ከሚባሉት ጋር በ38.24 ይመደብ ነበር። ከእነዚህ ኮዶች ሥር ሌላ እጅግ ብዙ ዓይነት ዕቃ አለ፤ በኮምፒውተር «ቬፕ የያዘ ማስታወቂያ አሳየኝ» ብሎ መጠየቅ አይቻልም ነበር ማለት ነው።

ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የኮዱ እትም ይህን ለወጠ። ለመሣሪያው 8543.40 ተሰጠው፤ ሳይቃጠሉ ለሚሳቡ ምርቶችና ኒኮቲን ላላቸው ሌሎች ምርቶችም 24.04 የሚል አዲስ አንቀጽ በትምባሆ ምዕራፍ ውስጥ ተከፈተ። ነገሩ ተራ የቢሮ ሥራ ይመስላል፤ ሆኖም አንድ አገር የከለከለውን ዕቃ በአውቶማቲክ መንገድ ማገድ የሚችለው ዕቃው የራሱ ቁጥር ሲኖረው ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ሥራ ባስጀመረችው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት አስመጪው ለአንድ ዕቃ የሚያስፈልገውን የየመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ በአንድ ቦታ ይጠይቃል፤ ሥርዓቱ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚጠየቅ የሚለየውም በኮዱ ነው። እርግጥ ነው፣ ኮድ የሚይዘው እውነቱን ያስመዘገበን ሰው ነው። ዕቃውን «የስልክ መለዋወጫ» ብሎ ያስመዘገበን የሚይዘው ካርቶኑን የከፈተ ሰው ነው።

በፖስታና በአውሮፕላን

የኢትዮጵያ ፖስታ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። በኅብረቱ ደንብ መሠረት በመድረሻው አገር የተከለከለ ዕቃ በፖስታ አይላክም። ከውጭ የመጣ ጥቅል በጉምሩክ ተፈትሾ ለባለቤቱ የሚሰጥ በመሆኑ በፖስታ የሚመጣ ቬፕ የመያዝ ዕድሉ ከሻንጣው የበለጠ ነው።

ከትምባሆ ሕግ ፈጽሞ ውጭ የሆነ ሌላ ሕግም ይህን ዕቃ ይመለከተዋል፤ እርሱም የአደገኛ ጭነት ደንብ ነው። የሊቲየም ባትሪ ሊግልና ሊቀጣጠል ስለሚችል ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባና በበረራ ላይ እንዳይሞላ ከለከለ። መንገደኛው ከያዘው በእጁ መያዝ አለበት። ንጹሕ ኒኮቲን ደግሞ በአደገኛ ዕቃዎች ዝርዝር በቁጥር 1654 የተመዘገበ መርዝ ነው። ለፍተሻ ሠራተኛ ይህ የደኅንነት ደንብ ከትምባሆው አዋጅ ይልቅ ቅርብ ነው፤ በራጅ ማሽን ላይ የሚታየው ባትሪው እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። የሚያጋጭ ነገርም አለ። የበረራው ደንብ «በእጅህ ያዘው» ሲል የአገሪቱ አዋጅ «አታስገባው» ይላል። አውሮፕላኑ ላይ በደንቡ ይዞ የተሳፈረ መንገደኛ ቦሌ ሲደርስ የጉምሩክ ጥያቄ ሊጠብቀው ይችላል።

ደብረ ማርቆስ

ደብረ ማርቆስ የምሥራቅ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ድንበርም ደረቅ ወደብም የላትም። ከውጭ የመጣ ሸቀጥ ወደ ከተማዋ የሚደርሰው በዋናነት ከአዲስ አበባ በፍቼ፣ በጎሐ ጽዮንና በዓባይ በረሃ ወርዶ በደጀንና በሉማሜ በሚያልፈው መንገድ ነው። በሌላው አቅጣጫ ያው መንገድ በደንበጫና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ሱዳን ድንበር ይቀጥላል።

በዚህ ምክንያት አንድ የተከለከለ ዕቃ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ የጉምሩክን ዋና በሮች ቀድሞ አልፏል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ የአገር ውስጥ ጉዞ ነው። በኢትዮጵያ ከከተማ ወደ ከተማ ትንሽ ዕቃ መላክ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ ፖስታ ቤት አይሄድም፤ መናኸሪያ ሄዶ ለሹፌሩ ወይም ለረዳቱ ይሰጣል፣ የሰሌዳ ቁጥሩንና የስልክ ቁጥሩን ለተቀባዩ ይነግራል። ይህ ልማድ መድኃኒትም፣ ቁልፍም፣ የትምህርት ማስረጃም ያመላልሳል። የላኪ ስም የሚመዘገብበት፣ የዕቃ ዝርዝር የሚጻፍበት፣ የተቀባይ ዕድሜ የሚጠየቅበት ወረቀት የለም። የአሜሪካው ሕግ የሚደገፍባቸው ሦስቱም መሣሪያዎች፣ ማለትም ምዝገባ፣ ሪፖርትና የዐዋቂ ፊርማ፣ እዚህ መያዣ የላቸውም።

የኢንተርኔት ግብይትም መልኩ ይለያል። አሜሪካዊው ወጣት በባንክ ካርዱ ከሻጩ ድረ ገጽ ያዛል። በኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ደንብ ተራ ሰው ከውጭ ሻጭ በካርድ እንዲገዛ ብዙም አያስችልም። ስለዚህ የአገር ውስጥ የበይነ መረብ ንግድ በአብዛኛው በቴሌግራም ቻናል ይታያል፣ በስልክ ይዋዋላል፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ሒሳብ ይከፈላል። አዋጁ በመደብርና በቴሌግራም መካከል ልዩነት አያደርግም፤ የተከለከለ ዕቃ በየትም ቢሸጥ ሽያጭ ነው። ልዩነቱ መደብር በር ስላለው ተቆጣጣሪ ሊገባበት መቻሉ ነው።

በከተማ ደረጃ ቁጥጥሩ የሚወድቀው በክልሉ ጤና ቢሮ ሥር ባሉ የዞንና የከተማ ጤና ተቆጣጣሪዎች ላይ ነው። እነዚሁ ሰዎች የምግብ ቤት ንጽሕናን፣ መድኃኒት ቤቶችንና ጊዜ ያለፈበትን ሸቀጥ ይቆጣጠራሉ፤ በዚህ ላይ ከረሜላ ጣዕም ያለውን፣ ማድመቂያ እስክሪብቶ ወይም ፍላሽ የሚመስለውን ዕቃ በዓይን ለይተው እንዲያውቁ ይጠበቃል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገድን፣ ኢንተርኔትንና የመንግሥት ሥራን ደጋግሞ ሲያቋርጥ ይህ ዓይነቱ ቁጥጥር ከሌላው አስቸኳይ ነገር ኋላ መሰለፉ የሚጠበቅ ነው።

ከተማዋ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ መሆኗም ከጉዳዩ ጋር ይገናኛል። ዩኒቨርሲቲው ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ተማሪዎችን ይቀበላል፤ አብዛኞቹም ዕድሜያቸው በአዋጁ ትምባሆ ሊሸጥላቸው ከማይገባው፣ ከ21 ዓመት በታች፣ ወይም በዚያው አካባቢ ነው። የሲጋራ ሽታ በመኝታ ክፍል ይታወቃል፤ የቬፕ ብናኝ ግን በደቂቃዎች ስለሚጠፋ በሽታው መለየት ያስቸግራል።

ክርክሮች

ክልከላውን የሚደግፉ ወገኖች የመጀመሪያ ነጥባቸው ሱስ ነው። ኒኮቲን በማደግ ላይ ያለን አእምሮ ይጎዳል፤ የፍራፍሬና የከረሜላ ጣዕሙ ደግሞ ሲጋራ አጭሶ የማያውቅን ልጅ ይስባል። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው እንግሊዝን ይጠቅሳሉ፤ በዚያ የጤና አገልግሎቱ አጫሾች ሲጋራን ትተው ወደ ቬፕ እንዲዞሩ ያግዛል። ይህ ንጽጽር ያለ ማስተካከያ ወደ ኢትዮጵያ ሊመጣ አይችልም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ከዐዋቂዎች 12.9 በመቶው ያጨሱ ነበር። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የዐዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው 5 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ከሲጋራ የሚዞር ሰው ጥቂት በሆነበት አገር አዲስ ዕቃ ቢገባ ከሚያተርፈው አጫሽ ይልቅ የሚጨምረው አዲስ ተጠቃሚ ሊበዛ ይችላል።

በሌላ በኩል ደግሞ ክልከላ ዕቃውን ወደ ስውር ገበያ ይገፋዋል የሚለው ሥጋት ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ከቬፕ ጋር የተያያዘ የሳንባ ጉዳት ተነሥቶ እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል መግባታቸው ወይም መሞታቸው ተመዘገበ፤ ከእነዚህ የሞቱት 68 ነበሩ። ምርመራው ያመለከተው በዋናነት ከመንደር ሻጭና ከጓደኛ የተገኙ፣ የካናቢስ ንጥረ ነገር ያለባቸውንና በቫይታሚን ኢ አሲቴት የተቀጠኑ ፈሳሾችን ነው። ከመንገድ ላይ የተገዛ ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳለ ገዢውም ሻጩም አያውቁም። በኢትዮጵያ የሚገኝ ማንኛውም ቬፕ ደግሞ በሕጉ ምክንያት የዚሁ ዓይነት ዕቃ ነው፤ ጥራቱን የመረመረው መሥሪያ ቤት የለም፣ ጉዳት ቢያደርስ የሚጠየቅ አስመጪም የለም።

ተመሳሳይ ዕቃዎች

በድድና በከንፈር መካከል የሚቀመጠው ትንሹ የኒኮቲን ከረጢት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ያስነሣውን ጥያቄ እንደገና አስነሥቷል። ቅጠል የለውም፤ አይሳብም፣ ባትሪም የለውም። የአሜሪካው የፖስታ ክልከላ በቅጠል ላይና በሚተን ፈሳሽ ላይ የታሰረ ስለሆነ ይህ ከረጢት ከሁለቱም ትርጉም ወጥቶ በፖስታ ሲላክ ቆይቷል። በታሪፍ ኮዱ ግን የ2022ቱ እትም በአፍ ለሚወሰዱ የኒኮቲን ምርቶች 2404.91 የሚል ቁጥር ሰጥቷቸዋል።